ሣሯን የሚያጠነክራት ርጭት

የጎልፍ ሜዳ በቴሌቪዥን ስታዩት ሣሩ እንደ ምንጣፍ ወጥ ነው አይደል? ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግን ብዙ ጊዜ ነጣ ያለች ትንሽ ሣር ጣልቃ ገብታ ታገኛላችሁ። ስሟ ፖአ አኑዋ ነው። የአሜሪካን የሜዳ ተንከባካቢዎች ከሚያማርሩ አረሞች አንዷ ናት፤ ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ትደርቅና ሜዳውን ታዥጎረጉረዋለች።

የተለመደው መፍትሔ ርጭት ነው። ሙቀቱ አልፎ አፈሩ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ ዘሯ መብቀል ይጀምራል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ቡቃያን የሚገድል ኬሚካል ይረጫል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ይደገማል። ኬሚካሉ አይሠራም እያልኩ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሠራል። ትችቴ ድግግሞሹ ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በእኛ ቤት «ቁጥጥር» ማለት ውጤቱን እየለኩ ቀጣዩን እርምጃ ማስተካከል ነው። ሙቀቱን ሳይለካ በሰዓት ብቻ የሚበራና የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራውን ወይ ያሳርረዋል ወይ ሊጥ ያስቀረዋል። በካላንደር ብቻ መርጨትም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ርጭቱ ራሱ ሣሯን ይለውጣታል። እንዴት መሰላችሁ? ከብዙ ሺህ ሣሮች መካከል በዘረመል ልዩነት ኬሚካሉን የምትቋቋም አንዲት ብትኖር፣ ተፎካካሪዎቿን ገድለን ሜዳውን ለእሷና ለዘሮቿ እናስረክባለን። እስካሁን በተለያዩ ቦታዎች የተመዘገበው ሲደመር፣ ፖአ አኑዋ አሠራራቸው የተለያየ ቢያንስ 9 ዓይነት ፀረ-አረሞችን ተቋቁማለች።

ማጨጃውም ያው ነው። በጣም አጭር አድርገን ስናጭድ፣ መሬት ላይ ተለጥፈው ዘር የሚያፈሩትን እየመረጥን እናስቀራለን።

«ታዲያ ካሜራ ያለው ሮቦት ይንቀላታ!» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እንክርዳድን አስታውሱ። ገበሬ ለሺህ ዓመታት በዓይኑ እየለየ ሲያርመውና በሰፌድ ሲያበጥረው፣ ከስንዴ የሚለየው ተወግዶ ስንዴ የሚመስለው ተረፈ። ሳይንቲስቶች ይህን በሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ስም «የቫቪሎቭ ማስመሰል» ይሉታል። ካሜራም ዓይን ነው፤ እሱም ይመርጣል።

ስለዚህ አንድ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። አሠራራቸው የተለያየ ኬሚካሎችን ማፈራረቅ፣ የተጠቀጠቀውን አፈር ማናፈስ፣ ውኃን አልፎ አልፎ ግን በጥልቀት ማጠጣት፣ በሚቻልበት ቦታ ሣሩን ረዘም አድርጎ ማጨድ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ እሷን ተቀብሎ መኖርም አለ። በካሊፎርኒያው ፔብል ቢች፣ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው አጭር ሣር በአብዛኛው ፖአ አኑዋ ነው፤ የ2019ኙ የአሜሪካ ኦፕን የተካሄደውም እዚያው ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ቀላል ሥራ አለ፤ ከእያንዳንዱ ርጭት በኋላ የተረፉትን መቁጠር። ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት ከጨመረ፣ መጠኑን ከማብዛት ይልቅ ዘዴውን መቀየር ነው።