ርስት ከቀረ በኋላ ሐረግ መቁጠር

በይጁቤና በዙሪያዋ ባሉ የባሶ ሊበን ቀበሌዎች የገበሬ ቤተሰቦችን የትውልድ ሐረግ እመዘግባለሁ። አያቶቻችን አጥንት የሚቆጥሩት በአብዛኛው መሬት ለመጠየቅ እንደነበር ያስተማረኝ ይህ ሥራ ነው። የጎጃም ገበሬ ያቆየልን ትልቁ የቤተሰብ መዝገብም ይኸው በዳኛ ፊት የተነገረ የሙግት ቃል ነው። ስለዚህ ሐረግ የሚመዘግብ ሰው ቃሉን ማክበር አለበት፤ ቃሉ ለምን እንደተነገረም መርሳት የለበትም።

የርስቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። መሬቱ ሲከፈል ድርሻው በስማቸው የተጠራላቸው ዘሮቹ ምንዝር አባቶች ናቸው። ከእነሱ በታች ያለ ተወላጅ ሁሉ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ከደረሰ፣ ድርሻዬን ማለት ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው የዘመዶቹ ወኪል ለሆነው ፈጅ ነው፤ ካልተስማሙ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ አንድ ገበሬ በመርህ የብዙ አባቶች ርስት ተካፋይ ነው፤ በተግባር ግን ገፍቶ የሚጠይቀው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ይህ ሐረግ ለሚመዘግብ ሰው ብዙ ነገር ይገልጥለታል። ማንም ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እያለ ወደ ሰባተኛው ትውልድ ሲወጣ ቁጥሩ 128 ይደርሳል። ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው በቤቱ የሚነገረው መሬት ያወረሱት ወይም መሬት ያከራከሩት ናቸው። ሌሎቹ የተረሱት ቤቱ ታሪኩን ስለናቀ አይደለም፤ ስማቸውን የሚያስጠራ ጉዳይ ስላልነበረ ነው።

በዚህ ምክንያት ሥራዬን የምጀምረው ከመሬቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀርቤ «አያትዎ ማን ይባላሉ?» ብል ሦስት አራት ስም ሰምቼ እመለሳለሁ። «አያ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን መሬት ድሮ በየትኛው አባት ነበር የሚበሉት?» ስል ግን ወጉ ሌላ ነው። ማን እንደከፈለው፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ የየትኛዋ አክስት ልጅ ከሌላ አገር መጥቶ ድርሻ እንደወሰደ፣ ማን ተሟግቶ እንደተረታ ይነግሩኛል። ብዙዎቹ አስቀድመው «ለምኑ ነው ልጄ? ክስ አለ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ክስ እንደሌለ፣ የማንም ይዞታ እንደማይነካ በደንብ ሳላስረዳ ደብተሬን አልከፍትም።

ቀጥዬ የምሄደው ወደ ተከራካሪው ቤት ነው። በርስት ሙግት የባላጋራን ሐረግ የማያውቅ ሰው አያሸንፍም። ስለዚህ የአንዱ ቤት ቆጠራ በሌላው ቤትም ይቀመጣል፣ ያውም በጠላት ዐይን ተመርምሮ። ሁለቱ ቤቶች የተስማሙበትን ስም ያለ ብዙ ጥርጣሬ እጽፈዋለሁ፤ አንዱ ሊያፈርሰው እየፈለገ ሳይፈርስ የቀረ ነውና። ያልተስማሙበትን ደግሞ ሁለቱንም ከነተናጋሪው እጽፋለሁ። አንዱ ቤት የዋናው አባት ልጅ የሚላትን ሴት ሌላው ቤት የእንጀራ ልጅ ሲላት፣ የመዝጋቢው ድርሻ መፍረድ ሳይሆን ሁለቱንም ቃል ማስቀመጥ ነው።

የዘመን ፈተናም አለ። ሽማግሌዎች ዕድሜን የሚያስሩት በታወቀ ነገር ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 በቆየው በክፉ ቀን፣ በ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የጣሊያን ዘመን። በአባይ ማዶ የተደረገው የ1874ቱ የእምባቦ ጦርነትም ለዚህ አገር ሰው ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ትውልድ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ዓመት ቢባል፣ ሰባት ትውልድ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ዋናው አባት በአፄ ፋሲል ዘመን አገሩን አቀና ተብሎ ከዛሬው ገበሬ እስከ እሱ ድረስ ስድስት ስም ብቻ ከተቆጠረ፣ መሐል ላይ የወደቁ ስሞች አሉ ማለት ነው፤ ቢያንስ አሥራ ሁለት ያህል ያስፈልግ ነበርና። ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት መሬቱ ሳይከፈል በአንድ ወራሽ እጅ ያለፈባቸው ትውልዶች ናቸው። በዚያ ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ክፍቱን እተወዋለሁ፤ በግምት ስም አልሞላም።

የስም ጉዳይ ለብቻው ትዕግሥት ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ የጋራ መጠሪያ የለንም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። አንዱ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ወታደር ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም ይኖረዋል። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከአንዱ ሁለት ሰው ያወጣል። በገበሬው ቤትም እንዲሁ ነው። ለፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ በመሬት ክርክር የሚታወቀው የዓለም ስም። ካህኑንና የመሬት አዋቂውን ሁለቱንም ካልጠየቁ አንዱን አባት ሁለት ጊዜ መቁጠር አለ።

ጽሑፍ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። በአንዳንድ ቤት በዳዊቱ ባዶ ቅጠል ላይ ልደትና ሞት ተጽፎ ይገኛል። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ ያሉ የምሥራቅ ጎጃም አድባራት ደግሞ በመጻሕፍቶቻቸው ውስጥ የመሬት ማስታወሻዎችን አቆይተዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የጥንት ገበሬ ቤተሰቦችን ሐረግ የሚከተሉ ሰዎች ሥራ በአብዛኛው ከወረቀት ይነሣል። ኑዛዜ አለ፣ የመሬት ሽያጭ ውል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተደረገ የሕዝብ ቆጠራ አለ። በዚያ ላይ የሚቀና ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እስከ 1840 ድረስ በነበሩት ቆጠራዎች በስም የተጻፈው የቤቱ አስተዳዳሪ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች ቁጥር ናቸው። ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። የጎጃም ገበሬ ግን ቅድመ አያቱን፣ ሴቲቱን፣ በስሟና በአባቷ ስም ይጠራት ነበር፤ ርስት በእሷ በኩል ይመጣልና።

ሁለቱም መዝገቦች አንድ ዐይነት ሰው ጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1850ና በ1860 በተደረጉት የአሜሪካ ቆጠራዎች ባሪያዎች በአብዛኛው ስማቸው ሳይጻፍ፣ በዕድሜና በጾታ ብቻ፣ በጌታቸው ስም ሥር ሰፍረዋል። የባሶ ገበያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የሚመጣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና የሚሸጥበት ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። በዚህ ገበያ አልፈው በገበሬ ቤት የቀሩ ሰዎች ርስት ስላልነበራቸው በአጥንት ቆጠራው ውስጥ የሉም። ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩም እንደዚሁ። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ ስለ ምሥራቅ ጎጃም በጻፈው ጥናት ርስት የለሽ ስለነበሩት፣ ዜጋ ይባሉ ስለነበሩት ሰዎች ለይቶ አስረድቷል። እኔም ሐረጉን ከጻፍሁ በኋላ «በዚህ ቤት ርስት ሳይኖረው የኖረ ማን ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ አንዳንዴ በዝምታ ይጀምራል፤ ቢሆንም እጠብቃለሁ። ያለዚህ ጥያቄ የተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚኖረው ሙግቱ ሲኖር ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የደጋ ዳሞት ገበሬዎች መሬታችን አይለካም ብለው የተነሡበት አንዱ ምክንያት ርስታቸው ይነካል የሚል ስጋት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ አጥንት ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሐረግ የሚቆጠረው ጋብቻ ሲታሰብ፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን ለማጣራት፣ ወይም በለቅሶ ላይ ሟችን ለማወደስ ነው። ለጋብቻ የሚፈለገው ዝምድና መኖር አለመኖሩ ብቻ ስለሆነ የድርሻውና የክፍፍሉ ዝርዝር እየጠፋ ነው። ዛሬ ባልና ሚስት በጋራ የሚይዙት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለነገ መዝጋቢ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ግን አይቆጥርም።

በ1967 ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ አልፎታል። ራሱ ፈጅ ሆኖ የተሟገተው ደግሞ ሰማንያን የተሻገረ ነው። ስለዚህ የጎጃም ልጅ ሆይ፣ አገር ቤትም ሆንህ ባሕር ማዶ፣ ዘንድሮ ሽማግሌዎችህን ጠይቅ። የዓለም ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን፣ የእናታቸውን ስም ከነአባቷ፣ የመሬቱን ስም፣ የነገረህን ሰው ስምና ቀኑን ጻፍ። ርስት ያልነበራቸውንም በስማቸው ጻፍ። አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለደብሩ፣ አንዱን ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት ስጥ።