«ማካፈል» ወይስ «ማጋራት»? በስሌታዊ ሥነ ሕይወት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት ዋና ትኩረቱ የሥጋ ደዌ ነበር። የዚህ ደዌ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ፣ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ እስከ ዛሬ ሊያድግ አልቻለም። ስለሆነም የዘረመሉ ሙሉ ቅደም ተከተል በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከታተመ ወዲህ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተገኘውን ውጤት አሰባስቦ በኮምፒዩተር ማስላት በጥናቱ ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። ይህን ሥራ በአማርኛ የሚጽፍ ተርጓሚ በሦስት ስያሜዎች ይቸገራል። እኛም እነዚህን የምንመዝናቸው በሊቃውንት ምቾት ብቻ ሳይሆን፣ ደሙን እንዲሰጥ የሚጠየቀው ሕመምተኛ በሚረዳው መጠን ነው።

ሀ/ ሞዴል። ቃሉ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። በንብረት ክፍል ሞዴል 19 ደረሰኝ ነው፤ ሞዴል ገበሬም አርአያ ነው። በዚህ ሙያ የሚፈለገው ግን ሕዋስ ምን አስገብቶ ምን እንደሚያስወጣ በሒሳብ የሚያሳይ ውክልና ነው። ለዚህ «አምሳያ» ይቀርባል። ሆኖም «አምሳያ የለውም» ስንል አቻ የለውም ማለታችን ስለሆነ፣ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ስሌቱ ከሕያው ሕዋስ ጋር እኩል ያስመስለዋል። «ስሌታዊ አምሳያ» ቢባል ጉድለቱ ይታረማል።

ለ/ ዳታ። «መረጃ» እጅግ ሰፊ ነው፤ ወሬንም ዕውቀትንም የስለላ ሥራንም ያጠቃልላል። «ዳታ» በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሕጋዊ ቦታ አግኝቷል፤ በሕዝብ ጆሮ ግን የስልክ ኢንተርኔት ነው። «ውሂብ» ወሀበ፣ ማለትም ሰጠ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ሥሩ የሚደነቅ ቢሆንም ቅርጹ ያጠያይቃል፤ በግእዝ ሰዋስው ውሂብ «መስጠት» ሲሆን «የተሰጠ» ውሁብ ነውና። ይሁን እንጂ ቃሉ በኮምፒዩተር አማርኛ ስለተለመደ መሻሩ ትርፍ የለውም። ከሁሉ በላይ የተሰጠ ነገር ሁሉ ሰጪ እንዳለው ያስታውሳል።

ሐ/ ማካፈል። ከሦስቱ ከባዱ ስሕተት ይህ ነው። በስሌት ጽሑፍ «ውሂቡ ተካፈለ» ሲባል አንባቢው የሒሳብ ማካፈልን ይረዳል። በዕለት ንግግርም እንጀራውን ያካፈለ ሰው የራሱ ድርሻ ይቀንሳል። ውሂብ ግን ለሌላ ሲደርስ ከባለቤቱ እጅ አይጎድልም፤ ይልቁንም በሁለቱም ዘንድ በሙሉ ይገኛል። ስለዚህ «ማጋራት» ትክክለኛው ቃል ነው። በፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «መረጃዎን እናካፍላለን» ተብሎ ቢጻፍ ሕመምተኛው ምኑ፣ ለማን፣ እንዴት እንደሚሄድ ሳይገባው ይፈርማል። በእንዲህ ያለው ቅጽ «ከደምዎ የተገኘውን የምርመራ ውጤት ሌሎች ተመራማሪዎችም እንዲጠቀሙበት እንሰጣለን» ብሎ በግልጽ መጻፍ ከማናቸውም ስያሜ ይመረጣል።

ይህ ክርክር ለሳይንሱም እንግዳ አይደለም። ልዩ ልዩ ቡድኖች አንዱን የኬሚካል ውሁድ በተለያየ ምልክት ስለሚጠሩ፣ አምሳያዎቻቸውን ለማዋሐድ አስቀድሞ ስሞችን ማስታረቅ ግድ ይሆናል። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ሁለት አምሳያዎችን ማውጣታቸውን ለሚያስብ፣ የጉዳዩ ክብደት ግልጽ ነው። ስም ያላስማማ ውሂብን ሊያጋራ አይችልም። ስለዚህ «ስሌታዊ አምሳያ»፣ «ውሂብ» እና «ማጋራት» ለሙያ ጽሑፍ እንዲጸኑ፣ ለሕመምተኛ በሚቀርብ ቅጽ ግን ስያሜው በዐረፍተ ነገር እንዲብራራ እናሳስባለን።