ተማሪዎች ሠርተው የሚጫወቷቸው የእንግሊዝኛ መልመጃ ጨዋታዎች፤ ሒሳዊ አስተያየት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በመሆኑም በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አፉን ያልፈታ ተማሪ ኋላ በፊዚክሱም በታሪኩም ክፍል ዝም ብሎ መቀመጡ አይቀርም። ተማሪዎች ራሳቸው በሚሠሯቸው ጨዋታዎች ቋንቋውን እንዲለማመዱ የሚደረገው ጥረት መመዘን ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

እጩ መምህራንን በማስተማር ልምምድ ላይ ስንከታተል ያየናቸው ጨዋታዎች በአብዛኛው ከካርቶንና ከጠርሙስ ቆርኪ የተሠሩ ናቸው። ወጪያቸው አነስተኛ፣ የተማሪውም ትጋት የሚመሰገን ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሊቀርብባቸው ይገባል፤ ይኸውም ተጫዋቹ እንግሊዝኛ ሳይናገር ሊያሸንፍ ይችላልን? የሚል ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ዕጣ እያወጡ ቆርኪያቸውን በቁጥር በተከፋፈለ መንገድ ላይ ያራምዱ ነበር። የሚጠበቅባቸው ቆርኪው ባረፈበት ቦታ የተጻፈውን ቃል ማንበብ ብቻ ነው። ክርክሩም ሳቁም በአማርኛ ስለተካሄደ እያንዳንዱ ተጫዋች የተናገረው እንግሊዝኛ ከጥቂት ነጠላ ቃላት አላለፈም።

በአንጻሩ ሌላ ቡድን እንቆቅልሽን መነሻ አድርጎ የሠራው ጨዋታ በመልኩ እዚህ ግባ የማይባል፣ በአሠራሩ ግን የላቀ ነበር። አንዱ የዕቃ ሥዕል ይደብቃል፤ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ እየጠየቁ ምንነቱን ይደርሱበታል። በአማርኛ የቃላቱን ቅደም ተከተል ሳንለውጥ በድምፅ አጣጣል ብቻ መጠየቅ ስለምንችል፣ ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ሲጠይቁ «ዱ» እና «ዳዝ» የተባሉትን ረዳት ግሦች ይዘነጋሉ። ይህ ጨዋታ ግን ያለ ጥያቄ አንድ እርምጃ አይሄድም። ተሸናፊው እንደ ልማዱ አገር ሲሰጥም፣ አሸናፊው እዚያ ሄዶ ያየውንና የበላውን በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል፤ በዚህም የኃላፊ ጊዜ ግሥ ይለመዳል። ጉድለቱ ደንቡ ተራን ባለመወሰኑ ደፋሮቹ ብቻ ሲጠይቁ ዓይን አፋሮቹ ዝም ማለታቸው ነበር።

የተማሪው ቁጥር ብዙ በሆነበት ክፍል ጨዋታ መሥራት ጊዜ ያባክናል የሚሉ መምህራን አሉ፤ አባባላቸውም ከፊል እውነት አለው። ስለዚህ መቁረጡና ማጣበቁ ከክፍለ ጊዜው ውጭ ይሁን። የጨዋታው ደንብ ግን በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ሌላ ቡድን የተጻፈውን ብቻ አንብቦ ይጫወት፤ አንባቢዎቹ የተደናገሩበትንም ዐረፍተ ነገር ጸሐፊዎቹ መልሰው ያርሙት። እንዲህ ሲደረግ ጨዋታውን መሥራት ራሱ የጽሕፈትና የንባብ ትምህርት ይሆናል።

የትምህርት ቤት ፔዳጎጂካል ማዕከላትን ሥራ የሚገመግሙ ባለሙያዎችም የካርቶኑን ውበት ከመመልከት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ዙር ጨዋታ ስንት ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንደተናገረ ቢመዘግቡ ለመምህሩም ለዕቅድ አውጪውም የሚጠቅም መረጃ ያገኛሉ።