ባለ አምባላዩ ፈረሰኛ በሥዕል

በታክሲዎች መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናየው ቅዱስ ጊዮርጊስ አብዛኛውን ጊዜ ጫማ ያደረገ ነው። ጥሩሩ የሮማ ወታደር፣ ፊቱ የፈረንጅ፣ ዐይኑም ወደ ዘንዶው የተተከለ ነው። ሥዕሉ ከውጭ አገር የተቀዳ ስለ ሆነ በዚህ አንገረምም። የሚያሳስበን ይህ ዓይነቱ ሥዕል ከመኪና መስታወት ዐልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መግባቱ ነው፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ቀድሞ የነበረው ፈረሰኛ ሌላ ነበርና።

ሰማዕቱ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን እንደ ተሠዋ ይነገራል። የዘንዶው ታሪክ ግን በመካከለኛው ዘመን የተስፋፋ ነው፤ ወደ እኛም የደረሰው ዛፍ ላይ ከወጣችው ከብሩታዊት ጋር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በዜጌ፣ የመቅደሱን ግድግዳ በጥጥ ጨርቅ ለብጠው የሣሉ ሠዓሊዎቻችን ይህን የጥንት ወታደር ሲረከቡ የልዳን ሰው ለመፈለግ አልደከሙም። በዐይናቸው የሚያውቁትን የጦር ሰው በኮርቻው ላይ አስቀመጡት። ዘመኑ ጀግና በፈረሱ ስም የሚጠራበት ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ስለዚህ አምባላዩም እንደ መኳንንት ፈረስ በግላስና በጌጠኛ ልጓም ተሸለመ።

ከሁሉ ይልቅ እግሩን እንመልከት። ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡም ጫማ የሚገባበት ሳይሆን በአውራ ጣት የሚያዝ ትንሽ ቀለበት ነው። የአገራችን ፈረሰኛ የሚጋልበው እንዲሁ ነበር። ሠዓሊው ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ በመንገድና በጉግስ ሜዳ ያየውን ነው የሣለው። ይህች አንዲት ጣት መላውን ሥዕል ከባዕድነት ታወጣዋለች ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ስለ ፊቱ የሚሰጠውን ፍርድ ግን አንቀበልም። ጦሩ ወደ ዘንዶው ሲወርድ ዐይኑ ወደ ተመልካቹ መሆኑን አንዳንዶች ከሠዓሊው ችሎታ ማነስ ይቈጥሩታል። እርግጥ ነው፣ ጦሩ የሚያርፍበትን የማያይ ፈረሰኛ ለዘመቻ አይመረጥም! በሥዕላችን ሥርዓት ግን የጻድቅ ሁለቱም ዐይኖች ይታያሉ፤ ጠላት በአንድ ወገን ይሣላል። ከፈረሱም ሥር ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ሲማፀን እናያለን። ሰማዕቱ ዘንዶውን ብቻ ቢመለከት ኖሮ በፊቱ ቆሞ የሚለምነውን ምእመን ፊት በነሣው ነበር።

ከውጭ የመጣው ደማቅ ሰማያዊ ቀለም አንዳንዱን ሥዕል እንዳስጮኸው አንክድም።

ዛሬ ጨርቁ አርጅቶ ከግድግዳው ሲላቀቅ፣ እርሱን አንሥቶ የታተመውን መስቀል ቀላልና ርካሽ ሆኗል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ቤታቸውን ለማሳመር እንጂ ለክፋት አይደለም። ከእነርሱ የምንለምነው ጥቂት ነው፤ አሮጌው ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፣ አዲስ የሚሥለውም ሠዓሊ እግሩንና እርካቡን ከዚያ ይቅዳ፤ ጫማው ይቅር።