እግር የሚገራ አውሮፕላን

ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ አውሮፕላን የገጣጠመ ሰው፣ ብቻውን ከመነሣቱ በፊት አሮጌ የወታደር ማሠልጠኛ ላይ ተቀምጦ እግሩን ቢገራ ይበጀዋል። ሁለቱንም ዓይነት ስለማበርር የምለው አምኜበት ነው።

የማውቀው ማሠልጠኛ ቲ-6 ቴክሳን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎችን ለተዋጊ አውሮፕላን ያዘጋጀ፣ ከ15,000 በላይ የተመረተ፣ ባለ 600 የፈረስ ጉልበት አውሮፕላን ነው። በእጅ የሚገጣጠመው ደግሞ አርቪ-8 ነው። ቫንስ ኤርክራፍት የተባለው የኦሪገን ኩባንያ ክፍሎቹን ይሸጣል፤ ገዢው አሉሚኒየሙን በሪቬት እየመታ ይሠራዋል።

ሁለቱም ከኋላ የጅራት ጎማ አላቸው። የክብደታቸው ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሆነ፣ መሬት ላይ አፍንጫው ጥቂት ሲያጋድል ክብደቱ መዞሩን ያባብሰዋል። እግር ፔዳሉን ረግጦ ፈጥኖ ካላረመው አውሮፕላኑ ዞሮ ክንፉ መሬት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ማረፍ የሚያልቀው ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን አውሮፕላኑ ሲቆም ነው። ቲ-6 ከባድ ነው፤ መዞር ከጀመረ በቀላሉ አይመለስም፤ መዞሩ ገና ሳይጀምር አብራሪው እንዲያርመው ያስገድደዋል። አርቪ-8 ቀላልና ታዛዥ በመሆኑ ስንፍናን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ግን ይገለጣል።

ሁለተኛው ትምህርት ፍተሻ ነው። የቲ-6 ክብ ሞተር ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት አይታመቅምና ሞተሪኖው በግድ ቢያስነሣው የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ማቀጣጠያው መዘጋቱን አረጋግጦ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር፣ ከከበደም ሳይታገሉ ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ማፍሰስ የግድ ነው።

በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ይህን ልማድ አብልጦ ይፈልገዋል። ከፋብሪካ የሙከራ አብራሪ አልተላከለትም። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 25 ወይም 40 የበረራ ሰዓታት በተወሰነ ክልል ውስጥ ለሙከራ የሚውሉት ለዚህ ነው። በነዚህ ሰዓታት አውሮፕላኑ በየትኛው ፍጥነት ክንፉ መሸከም እንደሚያቆም፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚግል ተለክቶ ይጻፋል። ሰዓቱን ለመሙላት ብቻ የሚበር ሰው ራሱንም፣ ነገ አውሮፕላኑን የሚገዛውንም ይበድላል።

አውሮፕላን እየገጣጠማችሁ ያላችሁ፣ የመጨረሻው ሪቬት እስኪመታ አትጠብቁ። የጅራት ጎማ የሚያውቅ አሠልጣኝ ዛሬውኑ ፈልጉ።