የጥያቄው ወረቀት የማያውቀው ተማሪ
ስለ ወጣቶችና ስለ ኤች አይ ቪ በሚደረጉ የተማሪ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ወጣቶችና ስለ ኤች አይ ቪ ለማጥናት የተነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው የጥያቄ ወረቀት በማዘጋጀት ነው። ወረቀቱን ማዘጋጀትም ብዙ ድካም የሚጠይቅ አይደለም፤ ከርሱ በፊት ያጠኑት ሰዎች የጠየቁትን ይገለብጣል፥ የትምህርት ቤቱን ስም ይለውጣል፥ ያባዛል፥ ያድላል፥ ይሰበስባል፥ ይቈጥራል። ከዚህ በኋላ «ከመቶው ይህን ያህሉ ያውቃሉ፤ ይህን ያህሉ አያውቁም» ብሎ ይጽፋል። እኛም ለክፍል ልምምድ እንዲህ ያለ ወረቀት ባዘጋጀን ጊዜ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ሒስ ከሁሉ አስቀድሞ በራሳችን ላይ የሚያርፍ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን።

ልናቀርበው የምንፈልገው አሳብ አጭር ነው። የጥያቄ ወረቀት የወጣቱን አመለካከት የሚለካ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ራሱም ያስተምራል። ማንን እንደሚጠይቅ፥ ስለ ማን እንደሚጠይቅ፥ ማንንም እንደ ሌለ አድርጎ እንደሚቈጥር በአነጋገሩ ይገልጻል። የተለመዱትን ጥያቄዎች ረጋ ብለን ስናነባቸው የሚያውቁት አንድ ዐይነት ወጣት ብቻ ሁኖ አገኘነው፤ ይኸውም ቫይረሱ የሌለበትና በገዛ ሰውነቱ ላይ ራሱ የሚያዝዝ ወጣት ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለ ልጅና ውሳኔዋ በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጃገረድ በወረቀቱ ላይ ቦታ የላቸውም። ጥናቱ ከሁሉ ይልቅ ሊጠቅም የሚገባው ግን እነዚህን ሁለቱን ነበር።

በመጀመሪያ ጥያቄዎቹ የተወለዱበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1986 ነው። መንግሥት ስለ በሽታው የፖሊሲ መግለጫ ያወጣው በ1998፥ መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መታደል የጀመረው ደግሞ በ2005 ነው። እንግዲህ ለሃያ ዓመት ያህል «መድኃኒት የለውም፤ ተጠንቀቅ» የሚለው ቃል እውነትም አስፈላጊም ነበር። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ግን ቃሉ በጥያቄ ወረቀታችን ውስጥ ተደብቆ ቀረ። መድኃኒቱ ሲመጣ ጥያቄው አልተለወጠም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ስለ «ዕውቀት» የሚጠየቀው ክፍል ነው። በ2000፥ በ2005፥ በ2011ና በ2016 የተደረጉት አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች የሚጠቀሙበትን መለኪያ እኛ ተማሪዎችም እንዳለ እንወስደዋለን። በዚህ መለኪያ መሠረት አንድ ወጣት ሙሉ ዕውቀት አለው የሚባለው አምስት ነገር ሲያውቅ ነው፤ ዘወትር በኮንዶም መጠቀም እንደሚከላከል፤ ቫይረሱ ከሌለበት አንድ ታማኝ ጓደኛ ጋር መወሰን እንደሚከላከል፤ ጤናማ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል፤ እንዲሁም በትንኝ ንክሻ ወይም አብሮ በመብላት ይተላለፋል እንደሚሉት ካሉት የተሳሳቱ አሳቦች ሁለቱ ሐሰት መሆናቸውን። በ2016 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት መካከል አምስቱንም ያወቁት ከመቶ ሴቶች 24፥ ከመቶ ወንዶች 39 ያህል ናቸው። ቍጥሩ የሚያሳዝን ነው፤ ይህን አንክድም።

ነገር ግን ከአምስቱ ነጥቦች ውስጥ ስለ ሕክምና የሚናገር አንድም የለም። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ በአግባቡ ወስዶ፥ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ዝቅ ብሎ ከቈየ በግንኙነት ወደ ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህም ፓርትነር በተባለው፥ ውጤቱ በ2016ና በ2019 በታተመው የአውሮፓ ጥናት የተረጋገጠ ነው፤ እንዲህ ባሉ ጥንዶች መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ቫይረስ አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ አምስቱን ነጥብ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሙሉ ዐዋቂ ተብሎ ሳለ፥ የዘመኑን ዋና ነገር ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ከዚህም በላይ «ቫይረሱ ከሌለበት ጓደኛ ጋር» የሚለው ቃል ቫይረሱ ያለበትን ሰው ሁልጊዜ አደጋ አድርጎ ያቀርበዋል። ለጥያቄው ትክክለኛ መልስ በሰጠን መጠን ያ ሰው ከኛ እየራቀ ይሄዳል።

ሁለተኛው የምንነቅፈው ስለ አደጋ የሚጠየቀውን ነው። በተማሪ ወረቀቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቃል «በቫይረሱ የመያዝ ዕድልህ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ከሥሩም «ምንም፥ ትንሽ፥ መካከለኛ፥ ከፍተኛ» ተብሎ ይደረደራል። «ዕድል» በቋንቋችን የሎተሪ ነው፥ የትዳር ነው፥ ከላይ የሚታደል ነገር ነው። ተማሪው «ዕድልህ» ተብሎ ሲጠየቅ ሥራውን ሳይሆን ዕጣውን የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል። «ምንም» ብሎ የሚመልሰው ሁሉ ጥንቃቄውን መዝኖ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዱ ፈጣሪውን ተማምኖ፥ አንዱ «እኔ ከነዚያ ሰዎች ወገን አይደለሁም» ለማለት፥ አንዱም አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛ ወረቀቱን እንዳያይበት ፈርቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ መደብ ቈጥረን «ወጣቶቹ አደጋውን አቃልለው ያያሉ» ብለን እንደመድማለን። የቃሉ ጥፋት የወጣቱ ጥፋት ሁኖ ይመዘገባል።

ሦስተኛው ስለ መከላከል ነው። መታቀብ፥ መወሰን፥ መጠቀም የሚሉት ሦስት ቃላት ሁሉም በ«መ» ስለሚጀምሩ ለቃል ጥናት የተመቹ ናቸው፤ ተማሪውም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይወጣቸዋል። ሆኖም ሰዋስው የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው እነዚህ ቃላት ባለቤት የሌላቸው ናቸው። ማን ይታቀብ? ማን ይወሰን? ማን ይጠቀም? የ2016 ጥናት እንደሚያስረዳው ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች እኩሌቶቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ነው፤ ወንዶቹ የሚያገቡት ግን በአማካይ ከ23 ዓመት በላይ ሁነው ነው። የቤተ ሰብ ሕጉ ከ2000 ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገ ቢሆንም ልማዱ በአንድ ቀን አልተነቀለም። በ17 ዓመቷ ለበሰለ ሰው የተዳረች ልጅ እስከ ጋብቻዋ ታቅባለች፤ ለባልዋም ተወስናለች። ሦስተኛውን ቃል ለመናገር ግን አፏን አትከፍትም፤ ብትከፍትም «ምን ጠርጥረሽ ነው?» የሚል መልስ ይጠብቃታል። እንግዲህ ከሦስቱ ትእዛዞች ሁለቱን ፈጽማ ሳለ ልትያዝ ትችላለች። በዚያው በ2016 ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ 1.2፥ ወንዶች ከመቶ 0.6 መሆናቸውን ስናይ፥ የሴቲቱን ኑሮ የማይጠይቅ ወረቀት የጕዳዩን እኩሌታ እንደ ተወው እንረዳለን።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደን ስለ አመለካከት የሚቀርበው ጥያቄ ነው። ከተለመዱት ጥያቄዎች አንዱ ቫይረሱ ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው ይማሩ ወይም አይማሩ እንደ ሆነ አስተያየት የሚጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ በቤቱ ለተቀመጠ ዐዋቂ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ በክፍል ውስጥ ለተቀመጡ ተማሪዎች ማደል ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱም ልጆቹ በዚያው ክፍል ውስጥ አሉ። ያለ መከላከያ ሕክምና ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱት መቶ ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። በ2013 ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ የዕድሜ ልክ ሕክምና መስጠት ከመጀመሩ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ከቫይረሱ ጋር ተወልደዋል፤ መድኃኒቱም በነጻ በመታደሉ ከነዚህ ብዙዎቹ አድገው ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ በቅተዋል። ይህ የሕክምናው ታላቅ ድል ነው። የኛ ወረቀት ግን ይህን ድል ገና አልሰማም።

እስቲ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በአሳባችን እናስቀምጥ። ማታ ማታ አያቱ «ልጄ፥ ክኒንህን ዋጥህ?» ትለዋለች፤ ይውጣል፥ ትምህርቱን ያጠናል፥ ይተኛል። በማግሥቱ ከኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች ወረቀት ያድሉታል። «እንዲህ ያለ ልጅ ከአንተ ጋር ይማር ትላለህን?» ብለው ስለ ራሱ ይጠይቁታል። ምን ብሎ ይመልስ? «አዎን» ቢል ለራሱ የፈረደ ይመስለዋል፤ «አይደለም» ቢል በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ባዶ ቢተወው ጎረቤቱ ያየዋል። በአጠገቡም ጓደኞቹ የርሱን በዚያ ወንበር መቀመጥ ድምፅ እንደሚሰጥበት ነገር አድርገው በብዕራቸው ሲወስኑ ይመለከታል። እኛ ወረቀቱን ሰብስበን እንሄዳለን፤ እርሱ ግን ከመላሾቹ ጋር ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። በሽታውን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ኀፍረት መሆኑን፥ በኀፍረት ምክንያት መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ወጣት መኖሩን ሐኪሞች ዘወትር ይናገራሉ። ያን ኀፍረት በጥናት ስም እኛው ይዘን ገባን ማለት ነው።

ሌላ ዐይነት አነጋገር ሊኖር እንደሚችል ደግሞ በአገራችን የታየ ነው። ነጻው ሕክምና በተጀመረበት ዘመን አካባቢ «ቤተኛ» በተባለው የራዲዮ ዝግጅት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች የየዕለት ኑሯቸውን በገዛ ድምፃቸው ይተርኩ ነበር። እዚያ ላይ ቫይረሱ ያለበት ሰው የሚወራለት ሳይሆን የሚያወራ ነው። ስሙም ደኅና ተመርጧል፤ ቤተኛ እንግዳ አይደለም፥ ይግባ አይግባ ተብሎ አይመከርበትም።

ለዚህ ሒስ የሚቀርብ መቃወሚያ እንዳለ እናውቃለን። የአገር አቀፉ ጥናት ጥያቄዎች ካልተለወጡ ነው የአንዱን ዓመት ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት የሚቻለው፤ ቃሉ ከተለወጠ መለኪያው ይበላሻል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ እኛም የብሔራዊውን ጥናት መለኪያ ይሰበር አላልንም። የአንድ ኮሌጅ ተማሪ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያደርገው ትንሽ ጥናት ግን ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር የመመሳሰል ዕዳ የለበትም። የትንሽ ጥናት ጥቅሙ ትልቁ ሊያይ ያልቻለውን ጠጋ ብሎ ማየቱ ነው። ትልቁን በትንሹ ከደገምነው ሁለቱንም አላገኘንም።

ስለዚህ ወደ ፊት ለሚያጠኑት ጓደኞቻችን አምስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ማንኛውም ጥያቄ ከመጻፉ በፊት «ቫይረሱ ያለበት ተማሪ ይህን ቢያነብ ምን ይሰማዋል?» ተብሎ ይመርመር። ሁለተኛ፥ ስለ ሕክምናና በሕክምና ምክንያት መተላለፉ ስለሚቆምበት ሁኔታ ይጠየቅ። ሦስተኛ፥ «ዕድልህ» በማለት ፈንታ ወጣቱ ያደረገውና ያላደረገው፥ ሊያደርግ ፈልጎም ያልቻለው ነገር ይጠየቅ። አራተኛ፥ ለመታቀብ፥ ለመወሰንና ለመጠቀም ባለቤት ይሰጣቸው፤ ልጃገረዲቱ «ይህን የሚወስነው ማን ነው?» ተብላ ትጠየቅ። አምስተኛ፥ ወረቀቱ ትከሻ ለትከሻ በተቀመጡበት ክፍል አይታደል፤ ለብቻ ይሞላ፥ መልስ አለመስጠትም ያለ ቅጣትና ያለ ጥርጣሬ የተፈቀደ ይሁን።

ይህ አስተያየት ጕድለት የሌለበት ነው አንልም፤ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ቢያርሙት ደስ ይለናል። እኛም ያዘጋጀነውን የክፍል ልምምድ ወረቀት እንደ ገና አንሥተን፥ «አብረው ይማሩ ትላለህን?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዘነዋል። በቦታው የተካነው «የክፍል ጓደኛህ መድኃኒት ሲወስድ አየኸው እንበል፤ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። መልሱን መቍጠር እንደ በፊተኛው ቀላል እንዳይደለ እናውቃለን። ሆኖም ይህ ጥያቄ ልጁ በክፍሉ ውስጥ መኖሩን አምኖ የሚነሣ ነው፤ ጥናታችንም መጀመር የሚገባው ከዚህ ነው።