የአትኪንስ መጽሐፍ በእኛ ማዕድ ሲመዘን

«እንጀራ ይተዉ፤ ሥጋና እንቁላል ይብሉ፤ በእግርዎ ይሂዱ።» ክብደት ለመቀነስ የሚሹ የከተማ ነዋሪዎች ከወዳጅ ከዘመድ የሚሰሙት፣ አንዳንዴም ከሐኪማቸው አንደበት የሚያገኙት ምክር በአጭሩ ይህ ነው። ምክሩን በዓለም ዙሪያ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሮበርት አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት «የዶክተር አትኪንስ የአመጋገብ አብዮት» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚህ ዓለም ቢለዩም ሐሳባቸው ስሙን እየለዋወጠ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ይህ ጽሑፍ መጽሐፉን የሚመዝነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ የመጀመሪያው ሳይንሱ ምን ያህል ጸንቶ ቆመ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና እምብዛም የማይነሳው ወጪውን ማን ይችለዋል የሚለው ነው።

ሐሳቡ በአትኪንስ የተጀመረ አይደለም። ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን የቀብር አስፈጻሚ ዳቦ፣ ስኳር፣ ድንችና ቢራ በመተው ከውፍረቱ እንደተላቀቀ የሚተርክ «ስለ ውፍረት የተጻፈ ደብዳቤ» የተሰኘ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1863 በራሱ ወጪ አሳትሞ አድሏል። የአትኪንስ ድርሻ ጉዳዩን ወደ ጥብቅ ሥርዓት መለወጡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቀን ካርቦሃይድሬት ከ20 ግራም እንዳያልፍ ያዝዛል፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅባት ግን ያለ ገደብ ይፈቅዳል። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር የምግብ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፉን ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው ሲል በብርቱ ነቅፎታል።

ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ፍርዱ በከፊል የቸኮለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በ63 ሰዎች ላይ የታተመው በዕጣ የተመደበ ጥናት የአትኪንስን መንገድ የተከተሉት በስድስት ወር ውስጥ የበለጠ ክብደት መቀነሳቸውን አሳይቷል። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም፤ ከተሳታፊዎቹም ከአሥሩ አራቱ ያህል አቋርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውና 609 ሰዎችን ያካተተው የስታንፎርድ ጥናትም ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በዓመት 6 ኪሎ ግራም፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ ግራም መቀነሳቸውን ዘግቧል፤ ይህም በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት የሚባል አይደለም። በመሆኑም አትኪንስ መንገድ አሳይተዋል፤ ብቸኛው መንገድ ነው ማለታቸው ግን አልጸናም።

ወደ ዋናው ነጥብ ስንመጣ፣ በመጽሐፉ የምግብ ዝርዝር ላይ የተደረደሩት ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ የባለጸጋ አገር ማዕድ ናቸው። ከአንድ እንጀራ ሩቡ ብቻ 20 ግራም የሚባለውን ወሰን ሊሞላው ይችላል፤ ስለዚህ ትእዛዙን እንደ ወረደ የሚቀበል ሰው እንጀራን ቆንጥሮ ሳይሆን ጨርሶ መተው ይኖርበታል። በቦታው ምን ይግባ? በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ውስጥ ለአንድ ሰው ክብደት መቀነሻ የሚገዛው ሥጋና እንቁላል ከሌላው ድርሻ መነሳቱ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከልጆቹ። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች መካከል 8 በመቶው ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው፣ 22 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገኙ ይችላሉና ማዘዣው ስለ ታካሚው ብቻ የተጻፈ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ጾሙም አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ምእመን በዓመት 180 ቀናት ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባል። መጽሐፉ የፈቀደውን ጾሙ ይከለክላል፤ ጾሙ የፈቀደውን ሽሮና ምስር ደግሞ መጽሐፉ በጥብቁ ወቅት አይቀበልም። በእኔ እምነት እዚህ ላይ የሚስተው መጽሐፉ ነው። ጥራጥሬ ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም ከአሰርና ከፕሮቲን ጋር የተጣመረ በመሆኑ ያጠግባል፤ ዋጋውም ከሥጋ ጋር አይወዳደርም። ታካሚው እንጀራውን በግማሽ ቀንሶ ጎመንና ምስሩን ቢያበዛ አትኪንስን ባይታዘዝም ጥቅሙን ሊያገኝ ይችላል። ዘይቱን ግን መቆጣጠር ያሻል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስላለው፣ ዘይት የሚንሳፈፍበት የጾም ወጥ የእንጀራውን ቅነሳ ከንቱ ያደርገዋል።

ከሁሉ ርካሹ እርምጃ ከመግዛት መታቀብ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ስኳር ይወስዳል፤ ይህን ሲተው ኪሱም ይተርፋል። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ነው። ስለ ሥጋ ከመናገራችን በፊት ስለ ሻዩ የምንጠይቅ ሐኪሞች ስንት ነን?

የእግር ጉዞን በተመለከተ የሚነገረው ተስፋ ከልክ ያለፈ ነው። ባንቲንግ ጠዋት ጠዋት ጀልባ እየቀዘፈ ጉልበቱ ቢጠነክርም የምግብ ፍላጎቱም አብሮ እንደጨመረ ጽፏል። ሰማንያ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በግማሽ ሰዓት ጉዞ የሚያቃጥለው 150 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ በ3,234 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር ሕመም መከላከል ጥናት በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ከመጠነኛ የክብደት ቅነሳ ጋር ተዳምሮ የበሽታውን መከሰት በ58 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። ስለዚህ ጉዞ ሊታዘዝ ይገባዋል፤ የሚታዘዘው ግን ሚዛኑን በፍጥነት ያወርዳል ተብሎ አይደለም። ነጻ ነው ማለትም አያስደፍርም። ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ለመውጣት ደኅንነታቸው ያሳስባቸዋል፤ የእግረኛ መንገድ የሌለበት ሰፈርም ጥቂት አይደለም።

አደጋው የከፋ የሚሆነው መድኃኒት ላይ ባሉት ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሕመምተኛ መጠኑ ሳይስተካከል እንጀራውን በድንገት ቢያቆምና በዚያው ላይ ረጅም መንገድ ቢሄድ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም ፕሮቲን ከማብዛታቸው በፊት መመርመር አለባቸው። ምክሩ ግን በወዳጅ አንደበት ሲተላለፍ ይህ ማስጠንቀቂያ አብሮ አይመጣም፤ ታካሚውም እንጀራ ማቆሙን ሳይጠየቅ ላይናገር ይችላል። በመሆኑም የመድኃኒቱ ማዘዣ ከመታደሱ በፊት ትናንት ምን እንደበላ መጠየቅ፣ ጉዞ ከመታዘዙም በፊት ጫማውን አስወልቆ የእግሩን ስሜትና ቁስል መመልከት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በስተቀር ወጪ የለውም።